የነጂው ጆሮ የማን ነው?

የዛሬው ርእሴ ለአንዳንድ አንባብያን ከቁም ነገር የራቀ ሊመስል ይችላል። የምጽፈው ስለ ሞተር ሳይክል፣ ስለ ሄልሜትና በሄልሜት ውስጥ ስለምትገጠም አንዲት ትንሽ መነጋገሪያ ነው። ይህች መሣሪያ ብሉቱዝ በሚባለው ገመድ አልባ መገናኛ የምትሠራ ስትሆን ሞተሩን የሚነዳውና ከኋላው የተፈናጠጠው ሰው በጉዞ ላይ ሳሉ ሳይጮኹ እንዲነጋገሩ ታደርጋለች። ብዙዎች ኢንተርኮም ይሏታል። «ይህ ደግሞ ለጋዜጣ ዐምድ የሚበቃ ጉዳይ ነው ወይ?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን ጥቂት ቢታገሠኝ ጉዳዩ የዕቃ ጉዳይ ሳይሆን የአማና ጉዳይ መሆኑን አብረን የምናይ ይመስለኛል።

ጥያቄው ይህ ነው። አንድ ሰው የሌላውን ነፍስ በእጁ ይዞ በሚጓዝበት ሰዓት በጆሮው የመናገር መብት ያለው ማን ነው? ከኋላው የተቀመጠው ነው? ከቤት ሆኖ የሚደውለው ነው? ገንዘብ ከፍሎ ዕቃ የሚጠብቀው ነው? ወይስ ማንም? ይህ ጥያቄ ድሮ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ የነጂው ጆሮ በነፋስና በሞተር ጩኸት ተዘግቶ ስለነበር ማንም ሊገባበት አይችልም ነበርና። ዛሬ ግን በሩ ተከፍቷል። በር ሲከፈት ደግሞ ማን ይግባ ማን ይቅር ብሎ መወሰን የባለቤቱ ግዴታ ይሆናል።

አያቶቻችን በበቅሎ አፈናጠው ሲሄዱ ከኋላ ያለው ሰው ከፊተኛው ጋር እየተጨዋወተ ይሄድ ነበር። በቅሎዋ ቀስ ብላ ትራመዳለች፤ መንገዱን ራሷ ታውቀዋለች፤ ወሬው ቢረዝም የሚጎዳ የለም። ሞተር ሳይክል ሲመጣ መፈናጠጡ ቀረልን፤ ጨዋታው ግን ቀረ። ከኋላ ያለው ሰው የፊተኛውን ወገብ ወይም ከመቀመጫው ኋላ ያለውን ብረት ከመያዝ በቀር ሌላ ሥራ የለውም። አንድ ነገር ለማለት ቢፈልግ ትከሻ ይመታል፣ ጎን ይጎነትላል፣ አለዚያም ይጮሃል። ጩኸቱም በነፋሱ ይበተናል።

በዚህ ላይ ሄልሜት ተጨመረ። የሄልሜት ታሪክ ለእኛ አንባቢ እንግዳ ካልሆነ ስም ጋር የተያያዘ ስለሆነ ጥቂት ላንሳው። እ.ኤ.አ. ከ1916 እስከ 1918 ዐረቦች በኦቶማን መንግሥት ላይ ባነሡት ዐመፅ ውስጥ የተሳተፈውን፣ በተለምዶ «የዐረቢያው ሎውረንስ» የሚባለውን የእንግሊዝ መኮንን ብዙዎቻችን በስም እናውቀዋለን። ይህ ሰው ከጦርነቱ ሁሉ በሕይወት ተርፎ እ.ኤ.አ. በሜይ 1935 ዶርሴት በተባለው የእንግሊዝ ገጠር ሞተር ሳይክሉን እየነዳ ሳለ በብስክሌት የሚሄዱ ሁለት ልጆችን ላለመግጨት ሲል ወደቀ። ሄልሜት አላደረገም ነበር። ራሱን ሳያውቅ ስድስት ቀን ቆይቶ ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ሂው ኬርንስ የሚባል የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነበር። ይህ ሐኪም ነገሩን እንደ ተራ አደጋ ቆጥሮ አላለፈውም። የሞተረኞችን የራስ ጉዳት ለዓመታት ሲያጠና ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1941 ሄልሜት ሕይወት እንደሚያተርፍ የሚያስረዳ ጽሑፍ በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ አወጣ። በእንግሊዝ አገር ሄልሜት ለማንኛውም ሞተረኛ ግዴታ የሆነው ግን እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ኬርንስ ይህን ሳያይ እ.ኤ.አ. በ1952 ሞቷል።

የኬርንስ ነገር እውነት መሆኑን የኋላ ጥናቶች ደጋግመው አረጋግጠዋል። ከብዙ አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረውና እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ግምገማ፣ ሄልሜት የሞተረኛን የመሞት አደጋ በ42 ከመቶ፣ በራስ ላይ የሚደርስን ጉዳት ደግሞ በ69 ከመቶ እንደሚቀንስ ገልጿል። ስለዚህ «ሄልሜቱ አላናግረን አለ» ብሎ ሄልሜቱን ማውለቅ የሚታሰብ ነገር አይደለም። ነፍስን ለመጠበቅ የተሰጠንን ነገር ለወሬ ብሎ መተው አላዋቂነት ነው።

ሄልሜቱ ግን ጭንቅላትን እየጠበቀ ጆሮን ለነፋስ ይተዋል። ሞተር በሰዓት 100 ኪ.ሜ. ሲሄድ በሄልሜቱ ውስጥ የሚሰማው የነፋስ ጩኸት ከ90 ዴሲቤል በላይ ይሆናል። ይህ ስንት ነው ለሚል አንባቢ፣ በአሜሪካ የሠራተኞችን ደኅንነትና ጤና የሚያጠናው ብሔራዊ ተቋም ለሠራተኛ ጆሮ የወሰነውን ልክ ማየት ይበቃል። 85 ዴሲቤል ድምፅ ባለበት ቦታ 8 ሰዓት ብቻ ይሠራ ይላል። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 94 ዴሲቤል ላይ ሲደርስ የሚፈቀደው 1 ሰዓት ብቻ ነው። በዚህ ጩኸት ውስጥ ከኋላ የተቀመጠው ሰው ምንም ቢል አይሰማም። ድምፅ እያለው ድምፅ የሌለው ሆኗል ማለት ነው።

ይህን ነገር ከታክሲ ጋር አስተያዩት። በሚኒባስ ታክሲ የተሳፈረ ሰው ምንም ድሃ ቢሆን፣ ምንም ሕፃን ቢሆን፣ «ወራጅ አለ!» ብሎ መኪናውን ማስቆም ይችላል። ሾፌሩ ሲያበር «ኧረ ቀስ በል፣ ነፍስ ይዘሃል!» የሚሉ እናት በየታክሲው አይጠፉም። ይህች አንዲት ቃል ስንት አደጋ አስቀርታ ይሆናል! በሞተር የተፈናጠጠ ሰው ግን «ወራጅ አለ» የለውም። ዐይኑን ጨፍኖ ዱዓ ከማድረግ በቀር ሌላ መንገድ የለውም። የሞተር ተፈናጣጭ ከማንኛውም ተሳፋሪ ይልቅ ለአደጋ የተጋለጠ ሆኖ ሳለ ከማንኛውም ተሳፋሪ ያነሰ የመናገር ዕድል ነበረው። እኔ በበኩሌ ይህን ትልቅ በደል አድርጌ አየዋለሁ፤ ማንም ሆን ብሎ ያላደረሰው በደል ቢሆንም።

እንግዲህ መሣሪያዋ ይህን ክፍተት ነው የምትሞላው። ብሉቱዝ የተባለው መገናኛ እ.ኤ.አ. በ1994 በስዊድን አገር በኤሪክሰን ኩባንያ ውስጥ የተጀመረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ኤሪክሰን፣ ኖኪያ፣ ኢንቴል፣ አይ.ቢ.ኤምና ቶሺባ ተባብረው የጋራ መስፈርት አበጁለት። ስሙ «ሰማያዊ ጥርስ» ማለት ነው፤ ከ1000 ዓመት በፊት ዴንማርክን ሲገዛ ከነበረ ሀራልድ ከተባለ ንጉሥ ቅጽል ስም የተወሰደ ነው። ንጉሡ ተለያይተው የነበሩ ነገዶችን እንዳገናኘ ሁሉ ይህም የተለያዩ መሣሪያዎችን ያገናኛል ለማለት ነው። በ2.4 ጊጋኸርትዝ የሬዲዮ ሞገድ ይሠራል። ሌሎች ብዙ መሣሪያዎችም በዚሁ ሞገድ ስለሚጠቀሙ ድምፁ እንዳይረበሽ በሰከንድ 1600 ጊዜ ያህል ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው እየዘለለ ይጓዛል።

በሄልሜቱ ውስጥ በጆሮ በኩል ሁለት ስስ ስፒከሮች ይቀመጣሉ፤ በአፍ በኩል ደግሞ በስፖንጅ የተሸፈነች ማይክሮፎን ትኖራለች። ባትሪዋና መቆጣጠሪያዋ ከሄልሜቱ ውጪ በጎን በኩል ይያያዛሉ። የነጂውና የተፈናጣጩ መሣሪያዎች አንድ ጊዜ ከተጣመሩ በኋላ ሁለቱም እንደ ስልክ በአንድ ጊዜ መናገርና መስማት ይችላሉ። እዚህ ላይ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። ፖሊሶችና የጥበቃ ሠራተኞች በሚይዙት የእጅ ሬዲዮ የሚናገር ሰው ቁልፍ ተጭኖ፣ የሚለውን አስቦ፣ አጠር አድርጎ ተናግሮ ይለቃል። ቁልፏ ሰውየውን እንዲያስብ ታስገድደዋለች። በብሉቱዝ መነጋገሪያ ግን ቁልፍ የለም፤ አፍ በተከፈተ ቁጥር ቃሉ በነጂው ጆሮ ውስጥ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ያችን ቁልፍ የሚተካ የራሳችን ልጓም ያስፈልገናል ማለት ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። በእኔ እምነት ከኋላ የተፈናጠጠ ሰው በነጂው ጆሮ ላይ መብት አለው። መብቱም ከነጂው ቸርነት የመጣ አይደለም። ሰውየው ነፍሱን በአማና የሰጠ ነውና። ገንዘቡን በአማና ያስቀመጠ ሰው «ገንዘቤ እንዴት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ «ምን አገባህ?» አይባልም። ነፍሱን ያስቀመጠ ሰው እንዴት ይባላል? «ቀስ በል»፣ «ፈራሁ»፣ «ልጄ እንቅልፍ ወሰደው»፣ «እግሬ ደነዘዘ፣ አቁምልኝ» የሚሉት ቃላት የአማና ባለቤት ጥያቄዎች ናቸው። ነጂው ሊሰማቸው ይገባል። መስማት የሚያስችለው መሣሪያ ካለና አቅሙ ከፈቀደለት ደግሞ መሣሪያውን መግዛት ከቅንጦት አይቆጠርም።

ይህን ስል የሚቃወሙኝ ነጂዎች እንዳሉ አውቃለሁ። «ነጂው እኔ ነኝ፤ ከኋላ የተቀመጠ ሰው መንገዱን አያውቅም፤ ባወራ ቁጥር ያደናግረኛል፤ ዝም ብሎ ይቀመጥ» ይላሉ። በተለይ ሚስቱን ወይም እኅቱን የሚያፈናጥጥ ወንድም ይህን ሲል ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ነገሩ ግማሽ እውነት አለው። መሪ የሚይዘው አንድ ሰው ነው፤ በአንድ ሞተር ላይ ሁለት ነጂ አይኖርም። መንዳትና መጠየቅ ግን ይለያያሉ። ተፈናጣጩ «በዚህ ግባ፣ በዚያ ቅደም» እያለ ቢያዝ ከድርሻው አልፏል። «ፍጥነቱ ከብዶኛል» ቢል ግን ስለ ራሱ ሕይወት ነው የተናገረው። በዚህ ጉዳይ ከእርሱ የበለጠ ዐዋቂ የለም። ደግሞስ ተፈናጣጩ የማያይ ማን አለ? ነጂው ፊት ለፊት ሲያይ እርሱ ከጎን የሚመጣውን መኪና፣ ሊሻገር የቆመውን ሕፃን ሊያይ ይችላል። «ከቀኝ መኪና!» የምትል አንዲት ቃል በጊዜዋ ከደረሰች ሁለት ቤተሰብ ከሐዘን ታተርፋለች።

እስካሁን መሣሪያዋን አመሰገንኩ። አሁን ደግሞ ሌላውን ፊቷን እንይ። ተፈናጣጩ የሚናገርባት ያችው ስፒከር ከስልክም ጋር ትያያዛለች። ዘፈን ታስገባለች፣ ዜና ታስገባለች፣ የሚደውልን ሰው ሁሉ ታስገባለች። ሻጮቹም በዋነኛነት የሚያወድሷት በዚህ ነው። ነጂው እጁን ከመሪው ሳያነሣ ስልክ ማንሣት ስለሚችል «ደኅንነቱ የተጠበቀ ነው» ይሉናል። ይህ አባባል ግን ሲመረመር አይቆምም።

እ.ኤ.አ. በ1997 ዶናልድ ሬደልማየርና ሮበርት ቲብሺራኒ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በካናዳ ቶሮንቶ ከተማ፣ ሞባይል ያላቸውና የመኪና ግጭት የደረሰባቸው 699 አሽከርካሪዎችን የስልክ መዝገብ መረመሩ። በስልክ በሚያነጋግሩበት ጊዜ የመጋጨት አደጋው አራት እጥፍ ያህል ሆኖ አገኙት። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን በእጃቸው ይዘው ያነጋገሩትና እጃቸውን ሳይጠቀሙ ያነጋገሩት መካከል የሚያጽናና ልዩነት አለመገኘቱ ነው። ችግሩ እጅ ላይ ቢሆን ኖሮ እጅ ነፃ ሲሆን በቀረ ነበር። ችግሩ ያለው ልብ ላይ ነው። ልቡ ከመንገድ የወጣ ሰው ሁለት እጁ መሪ ላይ ቢሆንም ዐይኑ እያየ አያይም።

«ታዲያ ከተፈናጣጩ ጋር ማውራትስ ያው አይደለም ወይ?» የሚል ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሣል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱንም በአሜሪካ የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ሌላ ጥናት እናገኛለን። ተመራማሪዎቹ ሰዎችን የመንዳት ሁኔታን በሚያስመስል መሣሪያ ላይ አስቀምጠው፣ በተወሰነ ቦታ ላይ ከአውራ ጎዳናው እንዲወጡ ነገሯቸው። ገሚሶቹ ከጎናቸው ከተቀመጠ ጓደኛ ጋር፣ ገሚሶቹ በስልክ ከሌላ ሰው ጋር እያወሩ ነዱ። ከጓደኛቸው ጋር ያወሩት አብዛኞቹ መውጫውን ሳይስቱ ወጡ፤ በስልክ ያወሩት ግን ግማሽ ያህሉ መውጫውን አልፈውት ሄዱ። ለምን? ከጎን ያለው ሰው መንገዱን አብሮ ስለሚያይ ነው። መንገዱ ሲጨናነቅ ወሬውን ያቆማል ወይም ወሬውን ወደ መንገዱ ያዞረዋል፤ «መውጫው ደርሷል» ብሎ ያስታውሳል። በስልክ ያለው ሰው ግን ምንም አያይም። ነጂው ከጭነት መኪና ጋር ተፋጥጦ ሳለ እርሱ ስለ ዕቁብ ያወራል።

የዚህ ጥናት ቁም ነገር ለእኔ ይህ ነው። በነጂ ጆሮ የሚናገር ሰው የመንዳቱ ተካፋይ ነው። ተካፋይነቱን የሚያውቅና አብሮ የሚያይ፣ አደጋውንም አብሮ የሚቀበል ሰው ይጠቅማል። ተካፋይነቱን የማያውቅ፣ የማያይና አደጋው የማይነካው ሰው ይጎዳል። ተፈናጣጩ ሞተሩ ቢወድቅ አብሮ ይወድቃል። ደዋዩ ግን «መስመሩ ተቋረጠ» ብሎ ሌላ ሥራውን ይቀጥላል።

ጥናቶቹ በመኪና ነጂዎች ላይ የተደረጉ ናቸው፤ የሞተረኛው ነገር ደግሞ ይብሳል። መኪና ሲቆም በአራት እግሩ ይቆማል፤ ሞተር ግን ካልያዙት ይወድቃል። በሰዓት 60 ኪ.ሜ. የሚሄድ ሞተር በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይሄዳል። ነጂው «እሺ፣ ማን ልበል?» ብሎ እስኪጨርስ ሁለት ሰከንድ ቢያልፍ 33 ሜትር ያህል በሐሳብ ሳይኖር ሄደ ማለት ነው። በእነዚያ 33 ሜትሮች ውስጥ ጉድጓድ አለ፣ የፈሰሰ አሸዋ አለ፣ መንገድ የሚያቋርጥ ፍየል አለ፣ ሳያይ በሩን የሚከፍት የቆመ መኪና አለ።

ከተፈናጣጭ ጋር ያለውም ወሬ ቢሆን ልክ አለው። ባልና ሚስት ከቤት ይዘውት የወጡትን ጭቅጭቅ በሄልሜት ውስጥ ቢቀጥሉት፣ አብሮ ማየት የሚባለው ጥቅም ይጠፋል። የተቆጣ ነጂ ቁጣውን በነዳጅ መስጫው ላይ ይወጣዋል። መሣሪያዋ የተፈናጣጩን ድምፅ የመለሰችለት ለክርክር ሳይሆን ለነፍሱ ጠበቃ እንዲሆን ነው። በሌላ በኩል በረጅም ጉዞ ላይ ነጂው እንዳያንቀላፋ የሚጫወተው ጓደኛ ትልቅ ውለታ እየዋለ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ወሬው ረጅም ነው አጭር ነው ሳይሆን መንገዱን ያገለግላል ወይስ ይሻማዋል የሚለው ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ከእንግሊዝ አገር የሞተር መንጃ ፈቃድ ፈተና ማምጣት ይቻላል። ፈታኙ በሌላ ሞተር ከተፈታኙ ኋላ እየተከተለ በጆሮው በተገጠመለት ሬዲዮ ያናግረዋል። የሚለው ግን የመንገድ አቅጣጫ ብቻ ነው፦ በሚቀጥለው መስቀለኛ ወደ ግራ፣ በሚመች ቦታ ቁም፣ የመሳሰለውን። ቃሉን ቀድሞ ይናገራል፤ ተፈታኙ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ዝም ይላል። ይህ ሰው ስለ ንግግር ሥነ ምግባር አስቦ ላይሆን ይችላል፤ ሥራው ነው። እኛ ግን ከእርሱ ልንማር እንችላለን። በነጂ ጆሮ ለመናገር ጊዜ ማወቅ፣ አጭር መሆንና ዝም ማለት ያስፈልጋል።

የተለያዩ አገሮች ሕግም ነገሩን ለመለየት ሲታገል እናያለን። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2015 ጀምሮ ነጂዎች በጆሮ ውስጥ የሚሰካ ማዳመጫ እንዳይጠቀሙ ስትከለክል፣ በሞተረኛ ሄልሜት ውስጥ የተገጠመ መነጋገሪያን ግን ሳትከለክል ቀርታለች። ስፔንም እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ ደኅንነትን እስካልነካ ድረስ የተረጋገጠ የሄልሜት መነጋገሪያን ለመገናኛና መንገድ ለመፈለግ ፈቅዳለች። የካሊፎርኒያ ሕግ ደግሞ ሁለቱንም ጆሮ የሚሸፍን ማዳመጫን ይከለክላል። እነዚህ ሕጎች መልካም ናቸው። ነገር ግን ሕግ የሚለካው መሣሪያውንና ጆሮውን ነው። በጆሮው ውስጥ ምን እንደተባለ ሕግ አይሰማም። እዚያ የሚደርሰው የሰው ኅሊና ብቻ ነው፤ ከኅሊናም በላይ የሚሰማ አለ።

አሁን ወደ ከተማችን እንምጣ። በአዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ክረምት የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ በፈቃድ እንዲሆን የከተማው አስተዳደር መወሰኑ ይታወሳል። ፈቃድ ኖሯቸው ምግብና ዕቃ የሚያደርሱ ወጣቶች ግን የከተማው ሕይወት አካል ሆነዋል። በሌሎች የአገራችን ከተሞች ደግሞ ሞተር ሰው ማመላለሻ ታክሲ ነው። ከእነዚህ ወንድሞቻችን ውስጥ ዝነኛ የሆኑትን የሄልሜት መነጋገሪያዎች የመግዛት አቅም ያለው ጥቂት ነው። ያም ሆኖ ጆሯቸው ነፃ አይደለም። ስልካቸውን በሄልሜቱና በጉንጫቸው መካከል ሰክተው እያወሩ ሲሄዱ የማያይ የከተማ ነዋሪ የለም። ይህ የድሃ ኢንተርኮም ነው። ልዩነቱ የባለጸጋው ኢንተርኮም ከኋላ ያለውን ሰው ለመስማት የተሠራ ሲሆን፣ የድሃው ግን ከኋላ የተፈናጠጠውን ሳይሰማ ሩቅ ያለውን ብቻ ይሰማል። ነፍሱን የሰጠው ሰው ድምፅ አልባ ሆኖ፣ ሁለት መቶ ብር የከፈለው ሰው ጆሮውን ወሰደው ማለት ነው።

«እነዚህ ልጆች ለነፍሳቸው ግድ የላቸውም» ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። ግን ማን ነው የሚደውልላቸው? እኛ አይደለንምን? ምግቡ አምስት ደቂቃ ሲዘገይ «የት ደረስክ?» የምንለው እኛ ነን። አላነሣ ሲል ደግመን የምንደውለው፣ ሲያነሣም «ለምን አታነሣም?» ብለን የምንቆጣው እኛው ነን። ልጁ ቢያነሣ ለነፍሱ ይፈራል፤ ባያነሣ ለእንጀራው ይፈራል። ነፍስና እንጀራን አማርጠን ከሰጠነው በኋላ ምርጫው አላማረንም ብለን ልንወቅሰው አንችልም። በሕጋችን ስልክ ይዞ እያወራ ሲነዳ የሚቀጣው ነጂው ነው። የደወለለት ሰው ተከስሶ ሰምተን አናውቅም። በዱንያ ችሎት ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል። ምላስ ሒሳብ እንደሚጠየቅበት ለሚያምን ሰው ግን እዚህ ላይ አያልቅም።

ስለዚህ ከመናገር የሚቀድም አንድ ልማድ እናምጣ። ለሞተረኛ፣ ለሾፌር፣ ለመንገደኛ ዘመድ ስንደውል ከሰላምታ ቀጥሎ «እየነዳህ ነው?» ብለን እንጠይቅ። «አዎ» ካለ «ቆመህ ደውልልኝ» ብለን እንዝጋ። ሚስት ለባሏ፣ አባት ለልጁ፣ ነጋዴ ለተላላኪው ይህን ቢያደርግ የሚጎድልበት ጥቂት ደቂቃ ነው። የማድረስ ሥራ የሚያሠሩ ድርጅቶችም ስልክ ያላነሣን ልጅ ከመቅጣት ይልቅ፣ ሞተሩን ሳያቆም ያነሣውን ቢመክሩ ይሻላል። አቅም ያላቸው ደግሞ ሰው የሚያፈናጥጡ ከሆነ መነጋገሪያዋን ገዝተው ከስልክ ጋር ሳያያይዙ፣ ለነጂውና ለተፈናጣጩ ብቻ ቢያደርጓት መልካም ነው። መሣሪያዋ ሁለቱንም ትችላለች፤ የትኛውን እንደምትሠራ የሚወስነው ግን ሰው ነው። ድምፁንም በልክ ያድርጉት፤ ነፋሱን ለማሸነፍ ተብሎ የሚጨመር ድምፅ ጆሮን ይጎዳልና።

መሣሪያዋን መግዛት የማይችል ነጂ ግን «እኔን አይመለከተኝም» አይበል። ከመነሣቱ በፊት ከኋላው ለሚቀመጠው ሰው «ከፈራህ ትከሻዬን አንድ ጊዜ ምታኝ፣ ቀስ እላለሁ፤ ሁለት ጊዜ ከመታኸኝ አቆማለሁ» ቢለው ምንም ገንዘብ አያስወጣውም። ይህን ቃል የሰጠ ነጂ ስፒከርም ማይክሮፎንም ሳይኖረው ጆሮውን ለባለ መብቱ ሰጥቷል። ቃሉን ሰጥቶ ትከሻው ሲመታ የሚያፈጥን ደግሞ የዓለምን ምርጥ መሣሪያ ቢገጥም አይሰማም።

እንግዲህ ርእሴ ላይ ላነሣሁት ጥያቄ የእኔ መልስ ይህ ነው። የነጂው ጆሮ በቅድሚያ የመንገዱ ነው፤ የጥሩንባው፣ የእግረኛው፣ የሞተሩ ድምፅ ነው። ቀጥሎ ነፍሱን በአማና የሰጠው የተፈናጣጩ ነው። እኛ ከሩቅ የምንደውለው ደግሞ ሞተሩ እስኪቆም በር ላይ እንጠብቅ። ቤት ያለ ሰው ቢዘገይ ይጠብቃል፤ መንገድ ላይ የወደቀ ሰው ግን ተጠብቆ አይመጣም።

ወሰላሙ ዓለይኩም።